ዝም ብለው መቀመጥ የፈሩ አባት

ወደ ሰቃ የሚሄደው ሚኒባስ ገና ከጅማ ከተማ ሳይወጣ አባ ቲጃኒ የሚሞቱ መሰላቸው። ልባቸው ደረታቸውን ይደበድብ ጀመር፤ ጣቶቻቸው ደነዘዙ፤ የመኪናው ጣሪያ ዝቅ ዝቅ ያለባቸው፣ አየሩም ለሌሎቹ ተሳፋሪዎች ብቻ የሚበቃ መሰላቸው። ከፊት ያሉት ሁለት ሰዎች ስለ ዝናቡ መዘግየት ይከራከራሉ። ከጎናቸው ያለችው ወጣት በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። ከአጠገቧ ሰው እየሞተ መሆኑን ማንም ያወቀ የለም።

«ወራጅ! ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ።

«አባ፣ አሁን አይደል እንዴ የተሳፈሩት?» አለ ረዳቱ።

«አውርደኝ ብዬሃለሁ! ወላሂ በመስኮት እወጣለሁ!»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ መኪናው ቆመ። አባ ቲጃኒ ኮፊያቸውን በእጃቸው ጨብጠው ወረዱና አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ዘፍ አሉ። ወጣቷም ተከትላቸው ወረደች።

አባ ቲጃኒ የጅሬን ሰው ናቸው። ከዋንዛ ግንድ በርጩማ እየጠረቡ ልጆች ያሳደጉ፣ በጎረቤት ዘንድ በቀልዳቸውና በትከሻቸው ስፋት የሚታወቁ ሰው ናቸው። ያ ሰፊ ትከሻ አሁን እንደ ሕፃን ትከሻ ይንቀጠቀጣል።

«አባባ፣ ብርሃንነሽ እባላለሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። አጠገብዎ ልቀመጥ?»

«ተቀመጪ። ሰው ግን አትጥሪብኝ። የመሞቻዬን ሸሃዳ እያልኩ ነው፤ ካለቀልኝ እዚሁ ይለቅልኝ።»

«ደረትዎን ያምዎታል? ወደ ክንድዎ የሚሄድ ሕመም አለ?»

«ኤዬ፣ ይህን ሐኪሞቹም ጠይቀውኛል። ልቤን በማሽን አዩት፣ ደሜን ቀዱ፣ መልሰው መላልሰው መረመሩ። ‹ልብዎ ደህና ነው፣ ምንም የለብዎትም› አሉኝ። ምንም ከሌለብኝ ታዲያ ማነው አንገቴን የሚያንቀኝ? ጂኒ ነዋ!»

«‹ልብዎ ደህና ነው› ማለታቸው እውነት ነው፤ ‹ምንም የለብዎትም› ማለታቸው ግን ጎደሎ ነው። የፍርሃት ሕመም አለብዎት። ስሙም ይታወቃል፣ መድኃኒቱም ይታወቃል። እየገደለዎት አይደለም፤ የሚገድልዎት እየመሰለዎት ግን ኑሮዎን እየወሰደብዎት ነው።»

በእኛ አገር ሰው እግሩ ቢሰበር ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠይቀዋል፤ ፍርሃት ቢሰብረው ግን ራሱም ይደብቀዋል፣ ዘመዱም ይደብቅለታል። አባ ቲጃኒ ይህን በሽታ ከወንድማቸው እንኳ ደብቀው ከርመዋል። ለማያውቋት ልጅ መናገር ቀለላቸው።

«ሲመጣብዎት ምን ያደርጋሉ?» አለቻቸው።

«እነሳለሁ። እንጨት እጠርባለሁ፤ እንጨት ከሌለ እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር እቅማለሁ። ጫቱ እስካለ ድረስ ሰላም ነው፤ ሲያልቅ ግን ይብስብኛል። አንድ የማልችለው ነገር ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ዝም ካልኩ ይመጣል። ድሮ ንጋት ላይ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሰው ሲበተን እኔ ለዚክር፣ አላህን ለማውሳት፣ እቀር ነበር። አሁን ሶላቱ እንዳለቀ ጫማዬን አንስቼ ነው የምሮጠው። አስተግፊሩላህ!»

«ጫት ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ያሳጣል። እርስዎ የሚሸሹትን ነገር በጉንጭዎ ይዘውት ነው የሚሮጡት።»

«ያ ኢንታላ! አንቺ ልጅ፣ አባቶቻችን እየቃሙ ዕድሜ አልጠገቡም?»

«የጠገቡ አሉ። እኔ የማወራው ስለ እርስዎ ልብ ነው።»

በዚህ መካከል ስልካቸው ጮኸ። ታናሽ ወንድማቸው አብዱልሃዲ ሰቃ ሆኖ እየጠበቃቸው ነበር። «ጎማ ፈነዳብን» አሉት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው በላብ ርሶ ነበር።

«ይኸውልሽ፣ ውሸታምም አደረገኝ» አሉ። «ልጄ አፊፋ በሻዕባን ወር ኒካህ ይታሰርላታል። ሰቃ፣ ያሳደገቻት አክስቷ ሐጂራ ቤት። ወሊዋ፣ የሚድራት ኃላፊ፣ እኔ ነኝ፤ ‹ልጄን ዳርኩልህ› ብዬ መናገር ያለብኝ እኔ ነኝ። ይህን ስለፈራሁ ወንድሜን ወኪል ላደርገው ነበር ዛሬ የምሄደው።»

«ሃይማኖቱ ይፈቅዳል?»

«ይፈቅዳል። ልጅቱ ግን ‹አባቴ በሕይወት እያለ ሌላ ሰው ዳረኝ› አትልም? እናቷ የለችም። ያለኋት እኔ ነኝ።» ዝም አሉ፤ ወዲያው ዝምታው አስፈራቸውና ቀጠሉ። «አባቴ እህቴን ሲድር ቃሉን ጀምሮ ሳይጨርስ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ደክሞት ያረፈ መስሎን ነበር። ሞቶ ነው። ለሠርግ የታረደው በሬ ለለቅሶ ተበላ። እኔ ሞትን አይደለም የምፈራው ልጄ፤ የአፊፋን ኒካህ ለቅሶ ማድረግ ነው የምፈራው።»

ብርሃንነሽ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። ከደብረ ማርቆስ ጅማ ድረስ የመጣችው ለትምህርት ነበር፤ ሥራ አግኝታ በዚያው ቀረች። የአሁኑን ዓይነት ነገር ግን ከመጽሐፍ አልተማረችም።

«አባ ቲጃኒ፣ እዚሁ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ውስጥ የምሠራበት ክፍል አለ» አለች። «አእምሮን ማረጋጋት እናሠለጥናለን። አንዱ በትንፋሽና በተመስጦ ነው፤ ሌላው በማሽን። አእምሮ ሲሠራ በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ አለው። ቀጫጭን ሽቦዎች ራስዎ ላይ እናስቀምጥና ሞገዱን በስክሪን ያዩታል። ሲጨነቁ ምስሉ ጉም ይለብሳል፤ ሲረጋጉ ይጠራል።»

«ኤሌክትሪክ? በራሴ ላይ?»

«ወደ እርስዎ የሚገባ ምንም የለም። ያዳምጣል ብቻ።»

«ዋንዛ ስገዛ ውስጡ ባዶ እንዳይሆን አንኳኩቼ አዳምጣለሁ። እንግዲህ ጭንቅላቴን ልታንኳኪው ነው!» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «በልቤ የማስበውንስ ያነባል?»

«አያነብም። ሞገዱ የተረጋጋ ወይም የተረበሸ መሆኑን ያሳያል እንጂ ምን እንዳሰቡ አይነግረንም። ደግሞ ልዋሽዎት አልፈልግም፤ ማሽኑ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጠቅም ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። ለእርስዎ መስታወት ይሁንልዎ። ሥራውን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት።»

«ተመስጦ ያልሽው ነገርስ የጣዖት አምላኪዎች አቀማመጥ አይደለም? እኔ በስተርጅና እምነቴን አልለውጥም።»

«የማንንም ስም አያነሱም፣ ለማንም አይሰግዱም። ተቀምጠው ትንፋሽዎ ሲወጣ ሲገባ ያያሉ። እርስዎን የማስጠነቅቅዎ ሌላ ነገር ነው። ከመኪና በወረዱ ቁጥር ፍርሃቱ ‹አየህ፣ ባትወርድ ኖሮ ትሞት ነበር› ይልዎታል። እርስዎም ያምኑታል። ባይወርዱ ምን ይሆን እንደነበር ግን አንድም ቀን ቆይተው አላዩም።»

አባ ቲጃኒ ይህን ነገር ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ለቀናት ከራሳቸው ጋር ተሟገቱ። ሰው ምን ይለኛል አሉ፤ ቲጃኒ አብዶ ራሱ ላይ ሽቦ አሠረ መባሉ አይቀርም አሉ። በኋላ አፊፋ ደውላ «አባ፣ ነጭ ልብስ አሠርቼልዎታለሁ፤ ወንበርዎ ከሼሁ ጎን ነው» አለቻቸው። ወንበር የሚለው ቃል በሰው ፊት ዝም ብሎ መቀመጥን አሳያቸው። በማግሥቱ ቦሳ ኪቶ ሄዱ።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች። ብርሃንነሽ ኮፊያቸውን ራሳቸው እንዲያወልቁ ጠብቃ፣ የተላጨ ራሳቸው ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ ሽቦዎቹን ለጠፈች። በስክሪኑ ላይ ጫካ አለ፤ ጫካውን ጉም ሸፍኖታል። አባ ቲጃኒ ጥርሳቸውን ነክሰው ጉሙን አፍጥጠው ያዩት ጀመር። ጉሙ ወፈረ። ይበልጥ አፈጠጡ፤ ጫካው ጭራሽ ጠፋ። ከዚያ ያ የሚያውቁት ነገር ከሆዳቸው ተነሳ። ደረታቸው ተጣበቀ። ግድግዳዎቹ ተጠጉ። አባታቸው ወደ ጎን ዘንበል ሲሉ ታያቸው።

«ንቀዪልኝ! ንቀዪልኝ ይህን!»

«እነቅላለሁ አባ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱ—»

አልሰሟትም። ሽቦዎቹን በእጃቸው መንጭቀው ወደ ግቢው ወጡ።

በግቢው ውስጥ ማሽን የለም፣ ግድግዳ የለም፣ የሚያስቸግራቸው ሰው የለም። ልባቸው ግን አሁንም ይጋልባል። አባ ቲጃኒ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። የሚወርዱበት መኪና የለም፤ ወርደዋል። የሚወጡበት በር የለም፤ ወጥተዋል። ፍርሃቱ ግን አብሯቸው ወጥቷል። ያን ጊዜ ከምንም በላይ ፈሩ፤ መሸሻው አልቋልና። ቆመውም ሳለ፣ ምንም ሳያደርጉ፣ ያ ነገር እስከ ጫፍ ወጥቶ በራሱ ጊዜ እየበረደ መጣ።

ተመልሰው ገቡ። ራሳቸው ላይ ያለው ቅባት ወደ ግንባራቸው ወርዷል።

«ልጄ» አሉ በቀስታ፣ «ሳልሸሸው ሄደ።»

«ሁልጊዜም ይሄዳል አባ። እርስዎ ቀድመውት ስለሚሄዱ ሲሄድ አይተውት አያውቁም።»

«እሺ፣ ያን ሽቦ መልሺው። ጉሙን ግን እንዴት ነው የማባርረው?»

«አያባርሩትም። ይዩትና ይተዉት። የሚያስገቡትን ትንፋሽ አያጥብቁት፤ የሚያወጡትን ያስረዝሙት።»

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ታግሦ መቀጠል ነበር። ጫቱን መተው የመጀመሪያዎቹን ቀናት አከበደባቸው፤ ራስ ምታትና ብስጭት ያዛቸው። ጓደኞቻቸው «ቲጃኒ ኮራብን» ብለው አሙዋቸው። ለአብዱልሃዲ ግን የጎማውን ውሸት ገልጠው ሕመማቸውን ነገሩት፤ ምናልባት ቢያቅታቸው የኒካሁን ቃል አጥንቶ እንዲጠብቅም ለመኑት። ማታ ማታ እንቅልፍ ቀስ እያለ ተመለሰ። ቦሳ ኪቶ በሄዱ ቁጥር ጉሙ አንዳንዴ ይጠራል፣ አንዳንዴ ይወፍራል። ብርሃንነሽ ደግሞ ሚኒባስ ላይ አብራቸው እየወጣች፣ መጀመሪያ አጭር መንገድ፣ ቀጥሎ ረዘም ያለውን፣ ፍርሃቱ ሳይበርድ እንዳይወርዱ አስለመደቻቸው። ሱብሂ ላይም ሰው ሲበተን መቅረት ጀመሩ፤ ዚክራቸው በትንፋሻቸው ልክ ዝግ አለ።

የኒካሁ ቀን ሐጂራ ቤት በሰው ተሞላ። ወንዶቹ በአንድ ክፍል፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው። ሼሁ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ «ወሊዋ ይናገር» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያ ነገር መጣ። ከወትሮው የበረታ ነበር። የአባ ቲጃኒ ጣቶች ደነዘዙ፤ የሼሁ ፊት ራቀባቸው፤ አባታቸው ዘንበል ሲሉ የነበራቸው የፊት መልክ በራሳቸው ፊት ላይ የሰፈረ መሰላቸው። ሙሽራው ፋሂም ቀና ብሎ አያቸው። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

አብዱልሃዲ ወደ ጆሯቸው ተጠግቶ «ወንድሜ፣ ልበለው?» አለ።

አባ ቲጃኒ እጃቸውን በወንድማቸው ጉልበት ላይ አኖሩ፤ ቆይ ማለታቸው ነበር። ትንፋሻቸውን አስረዝመው አወጡ። ልባቸው መምታቱን አላቆመም። ሌላ ትንፋሽ አወጡ። ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው፤ ይጠብቅ አሉ በልባቸው። ከዚያ የፋሂምን እጅ ያዙ።

«ቢስሚላህ። ልጄን አፊፋን… በአላህ ትእዛዝ፣ በተስማማንበት የመህር ስጦታ… ለአንተ ዳርኩልህ።»

ድምፃቸው መሐል ላይ ተንቀጥቅጧል፤ ግን እስከ መጨረሻው ደርሷል። «ተቀበልኩ» አለ ፋሂም። ከመጋረጃው ወዲያ እልልታው ቀለጠ።

ምሳ ሲቀርብ አብዱልሃዲ ጎናቸው ተቀመጠ። «ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሳጠና አድሬ በከንቱ አስቀረኸኝ» ብሎ ቀለደባቸው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዳንክ እንዴ?»

«አልሸሽግህም፤ ዛሬም መጥቶብኛል። ግን እንደ ድሮው አይደለሁም። እተኛለሁ። እጄ ስለማይንቀጠቀጥ መሮዬ የእንጨቱን መስመር አይስትም። ከመስጊድ እንደ ሌባ ሮጬ አልወጣም። ሰቃ ድረስ መጥቼ ሳልዋሽህ ‹ደረስኩ› አልኩህ። ደብቄው በነበርኩ ጊዜ እሱ ነበር ጌታዬ፤ ለሰው ከነገርኩትና ተቀምጬ ካየሁት ወዲህ እንግዳ ሆነ፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። አንተም ሌሊት ሌሊት እየባነንክ ግቢ ለግቢ እንደምትዞር ሚስትህ ነግራኛለች። አታፍር። ቦሳ ኪቶ አብረን እንሄዳለን።»

አብዱልሃዲ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ጥሎ ጎረሰ። እንቢ ግን አላለም።

አመሻሽ ላይ አፊፋ አባቷን ለመሰናበት መጣች። የአባቷን ጉልበት ይዛ ተቀመጠች።

«አጎቴ ነው የሚናገረው ብለውኝ ነበር» አለች። «ቤቱ ጸጥ ሲል ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጆሮዬን አቁሜ ቀረሁ። የእርስዎን ድምፅ ስሰማ… አባ፣ ለምን ያን ያህል ቆዩ? ፈርተው ነበር?»

«አዎ ልጄ» አሉ አባ ቲጃኒ፣ «እየፈራሁ ነው የዳርኩሽ።»