ገብሬዎቹ የት ገቡ

ኮምፒውተር ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ የቻልሁ ሰው ነኝ፤ በሰፈሬ የተበላሸበት ሁሉ እኔን ነው የሚጠራ። ስለዚህ በመራዊ ታክሲ ላይ፣ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ የከፈተች ልጅና አጠገቧ የተቀመጡ የኔታ ያወሩትን አንድም አላሳለፍሁ።

«ልጄ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«የተማሪዎች መታወቂያ የሚሠራ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፣ የኔታ። የአንዳንዶቹ ፎቶ ጠፋብኝ። ዛሬ ማስረከቤ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ለእረፍት ተበትነዋል።»

«የእነማን ጠፋ?»

«የገ/ሥላሴ፣ የገ/ማርያም፣ የኃ/ሚካኤል...»

«የአበበስ?»

«የአበበ አለ።»

«እንግዲያ ይኸ ኮምፒውተር ጠበል ያስፈልገዋል። የእኛን ልጆች ለይቶ ነው የበላው።»

«አይሳቁብኝ፣ የኔታ። በራሴ ስም ስሞክረው ይሠራ ነበር።»

«ቫይረስ ነው» ብየ ልገባ ስል ልጅቱ ቀደመችኝ።

«ቆይ። የጠፉት ሁሉ ስማቸው ላይ እዝባር፣ ይቺ ሰያፍ መስመር፣ አለች።»

«ቢኖርስ? እኔም የምጽፈው እንደዚያው ነው።»

«ፕሮግራሜ ፎቶውን በየስማቸው ነው የሚያስቀምጠው፤ ኮምፒውተር ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ እዝባር አይቀበልም። ከእዝባሩ በፊት ያለውን የፎልደር ስም ነው ብሎ ይወስደዋል። ይኸው፣ ‹ገ› የሚባል ፎልደር ከፍቷል።»

«ውስጡ ማን አለ?»

«ሥላሴ፣ ማርያም፣ መድኅን... ሁሉም አሉ፣ የኔታ። አንድም አልጠፋ።»

«ተመስገን። ገብሬዎቹን ሁሉ አንድ ቤት አጉሮ ነዋ ያስጨነቀሽ።»

«ኃይሌዎቹም ጎረቤት ናቸው።»

«በይ አውጫቸውና ስማቸውን ሙሉውን ጻፊው፤ ኮምፒውተር እንደሆነ ቀለም አያልቅበት።»

እኔም መታወቂያየን ከኪሴ አውጥቼ፣ ስሜ መሐል ያለችውን እዝባር በጣቴ ሸፈንኋት።