በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መሃል

ሊፍቱ ቆሟል። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሃል ነው የቆመው። ውስጡ ሰው አለ።

ና ወንድሜ፣ ደረጃው ላይ አረፍ በል። በጥበቃ ጫማ አራት ፎቅ መውጣት ቀላል አይደለም። ጉልበትህን ተሻለህ? ቅባቱን አታቋርጥ። ልጅቷስ፣ ጥርስ አበቀለች? ... ጎሽ። እኔ ደህና ነኝ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሥራ የለኝም እንጂ ደህና ነኝ።

ደብዳቤው ይኸውልህ። «የሊፍት ጥገና ሠራተኛው ከዛሬ ቀን ስድስት ሰዓት ጀምሮ ተሰናብቷል፤ ማሽኑን እንዳይነካ።» «እንዳይነካ» የሚለው ከሥሩ ተሰምሮበታል። ፊርማው የአለቃችን ነው። እንዴት ያለ ፊርማ ነው! እንዲህ ያለ ፊርማ ያለው ሰው እኮ ሌላ ነገር ባይኖረውም ይኖራል። ሊፍቱ የቆመው ደግሞ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ። ሩብ ሰዓት ቀደም ቢል ኖሮ ጣሪያ ላይ ወጥቼ በእጄ አዙሬ አንቀሳቅሰው ነበር። አሁን ግን የአለቃችን ፈቃድ ያስፈልጋል። አለቃችን ደግሞ ባሕር ማዶ ናቸው።

ናቸው አይደል? ያልከው አንተ ነህ። ጠዋት በር ላይ አለቃችንን ፈልጋ ለመጣችው አሮጊት፣ «እማማ፣ ለስብሰባ ባሕር ማዶ ሄደዋል» አልካት። አልወቅስህም፣ በል ተብለህ ነው። እንግዲህ እሳቸው እዚያ ከሆኑ እዚህ ውስጥ ያለው ማነው? ... እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው ነው። ያውም ጨዋ ሰው፤ ሲታፈን እንኳ አይጮህም።

ቆይ... ወጣ። አየኸው? ከበሩ ሥር ካርድ ገፋ አደረገ። ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው «ወደ ላይ» ይላል። ሁለተኛው «ድምፅ አታሰሙ» ይላል። ይኼኛው... «ሄደች?» ይላል። ማን ትሆን? በካርዱ ፊት በወርቅ ቀለም የታተመ ስም አለ፤ እኔ ግን ጀርባውን ብቻ ነው የማነበው። የሰው ስም ያለ ፈቃዱ አይነበብም።

ለምን በጽሑፍ እንደሚያወራን ገባህ? የሊፍቱ ጉድጓድ ድምፅ ይወስዳል። እዚህ ያስነጠስከው ምድር ቤት ይማርህ ይባልልሃል። ምድር ቤት ደግሞ፣ ልክ ሊፍቱ በር አጠገብ፣ ወንበር ላይ ያቺ አሮጊት አለች። ወንበሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሊፍት ውስጥ ላስቀምጣት አልኩና መመሪያው ትዝ አለኝ። ከአምስተኛ ፎቅ በታች ጉዳይ ያለው ሰው በእግሩ ነው። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት የጠገንኩት ሊፍት ውስጥ ቆሜ አላውቅም፤ ተንበርክኬ ነው የማውቀው። ጥሩ መመሪያ ነው፣ ጤና ይሰጣል። ያወጣውም ሰው ለጤናችን የሚያስብ ነው።

ሊፍቱ እንዴት ቆመ ነበር ያልከኝ? በሩ ምድር ቤት ተከፈተ፣ ውስጥ ያለው ሰው አሮጊቷን አየ፣ ከዚያ የመዝጊያውንና የመውጫውን ቁልፍ አንድ ላይ በቡጢ... ተው ወንድሜ፣ ተሳስተህ ነው። አሮጊት አይቶ የሚሸሽ ትልቅ ሰው የት ታውቃለህ? እሷም አላየችውም። ዓይኗ ጭጋግ ሆኖባታል። ነገ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሐኪሙ ይሳካል ብሏታል፤ እሷ ግን «ምናልባት ካልሆነ፣ የልጄን መልክ አንዴ ቀረብ ብዬ ልየውና ልግባ» ብላ ነው የመጣችው። እኔ አለሁልሽ እኮ አልኳት። «አንተንማ በእጄም አውቅሃለሁ» አለችኝ።

አዎ፣ እናቴ ናት። አላልኩህም? ደብቄህ አይደለም፤ እዚህ ቤት ዘመድ ማብዛት አይወደድም ብዬ ነው። ወንድሜ እያልኩ የምጠራህም እንዳይከብድህ። ቦታው ክፍት ስለሆነ ነው።

ይህ ሕንፃ ሲሠራ እኔ ነበርኩ፤ ሲሚንቶ ተሸካሚ። አንድ ልጅም አብሮኝ ተቀጠረ። ስሙን ተወው። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ከረጢቶቹ ጀርባ ተቀምጦ ደብተሩን ያነባል። ፎርማኑ ደግሞ ሰው አይቆጥርም፣ ኮፍያ ነው የሚቆጥር። ቀይ ኮፍያ ወጣ፣ ሰማያዊ ኮፍያ ወጣ ብሎ ጭረት ያደርጋል። እኔ ቀዩን አድርጌ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ የልጁን ሰማያዊ አድርጌ ደግሞ እወጣለሁ። አራት ዓመት ሁለት ሰው ሆንኩ። አንድ ቀን ፎርማኑ ቀዩን ኮፍያ ጠርቶ፣ «ከሰማያዊው ተማር፣ ካንተ ይሻላል» አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስማር ነው የኖርኩት።

ሳቅ እንጂ! እኔም ያኔ ስቄያለሁ። ሰማያዊው ኮፍያ የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ዛሬ ዘጠነኛ ፎቅ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። አይተኸው ታውቃለህ? «ከሲሚንቶ ተሸካሚነት ተነሥቼ» ብሎ ለጋዜጣ የተናገረው ስለዚያ ነው። እውነቱን ነው። ትከሻው ላይ ጠባሳ አለመኖሩ ደግሞ የቆዳው ጥራት ነው፤ አንዳንድ ሰው ሲፈጠር እንዲያ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሁለታችንም ይዘን ወጣን። ሳል። የሲሚንቶ ሳል ደረቅ ነው፤ ሦስቴ ነው፣ ሦስተኛው ይጎተታል... ሰማህ? ... እንዲህ። እኔ ነኝ የሳልኩት በል፤ ማን ይጠይቅሃል? ቅድምም ወጥቶ ነበር። እናቴ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ እጇን ሊፍቱ በር ላይ አደረገች። «የልጄ ሳል ነው» አለች። ቧንቧ ነው አልኳት። «ቧንቧ ሦስቴ ይስላል?» አለችኝ። የዚህ ቤት ቧንቧ የተማረ ነው አልኳት።

ልንገርህ፣ ደብዳቤው ያን ያህል አያስፈራኝም። አሁን ከዚያ ውስጥ አንድ ቃል ቢወጣ፣ «እማ» የሚል፣ ጮክ ብሎም ባይሆን፣ ደብዳቤውን ቀድጄ ጣሪያ ላይ እወጣ ነበር። ጉድጓዱ ያደርስለት ነበር። እሷም አንዴ ነክታው ትሄድ ነበር...

...

ዝም እንበልና እንስማ እስቲ።

...

ካርድ ነው። አንተ አንብበው፤ የእኔ ዓይን ለዛሬ በቃው። ምን ይላል? ... «በጓሮ በር አስወጧት።» ጎሽ። የእጅ ጽሑፉ አልተበላሸም። ጨለማ ውስጥ እንዲህ ቀጥ አድርጎ መጻፍ የትም አትማረውም፤ ከረጢት ጀርባ ነው የሚለመደው።

በዋናው በር ነው የማስወጣት። የዚያ በር መቃን ሲገጠም የያዝኩት እኔ ነኝ። ያን ያህል መብት አለኝ።

አንተ ግን ሥራ አለህ። እኛ አጥሩን ስናልፍ፣ ከዚያ በፊት አይደለም፣ እሷ ሳል ሰምታ እንዳትመለስ፣ ጣሪያ ላይ ውጣ። የሞተሩ ክፍል ቁልፍ ይኸውልህ። እንደ መኪና መሪ ያለ ክብ እጀታ ታገኛለህ። ወደ ቀኝ አዙር። ወደ ላይ ነው፣ እንዳለው። አይከብድህም። ሰዎች ይኼ ሊፍት በራሱ የሚወጣ ይመስላቸዋል። አይደለም። ከጀርባው፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ የብረት ክብደት ተንጠልጥሏል። ያ ሲወርድ ነው እሱ የሚወጣው። አንድ ሰው ብቻውን ያለበት ሊፍት ከዚያ ብረት ይቀላል፤ አንዴ ካስነሣኸው ወደ ላይ ይሮጣል። ማውረድ ነው የሚከብደው። እሱን አትሞክር።

ሲወጣ ታውቀዋለህ አልልህም። እንኳን ከባሕር ማዶ በሰላም ገቡ በለው።

አዎ፣ አደራ አለብኝ። እናቴ «ልጄ የት እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ንገርልኝ» ብላኛለች። ማንም ስለማያውቅ እዚሁ፣ በሩ ጋ፣ ጮክ ብዬ ልንገርህ። «ልጄ፣ ያለህበት ይመችህ። ከወጣህበት አይውረድህ። ከፍ እንዳልክ ኑር፤ ወደ ታች የምታይበት ቀን አይምጣብህ።»

አሜን በል እንጂ ወንድሜ። እሱም ካርድ ከተረፈው ይጻፍ።

እኔ ልውረድ፣ ብቻዋን ናት። ከልጆቿ እዚህ አገር የቀረሁት እኔ ነኝ።