በቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ስለ መሳቄ

የምስክር ስም፦ ኢኒድ ማርስደን
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ተዋናይት
አድራሻ፦ ለንደን፣ ዋልተምስቶ
ቀን፦ መጋቢት 8 ቀን 1923 እ.ኤ.አ.
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ታሎክ

ስለ ተዋናይ ከትበርት ላርኪን አሟሟት ትናንት በሰጠሁት ቃል ውስጥ ውሸት ስላለበት፣ ማንም ሳያስገድደኝ ተመልሼ መጥቼ የሚከተለውን አስመዝግቤአለሁ።

ከትበርትና እኔ አንድ አስቂኝ ቲያትር ለሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚደበቅ ባል፣ እኔ ሚስቱ ነበርን። ቁም ሳጥኑ ይዞት ይወድቃል፤ እሱ “እመቤቴ፣ አየር አጠረኝ!” ሲል እኔ በላዩ ተቀምጬ እስቃለሁ። የመድረኩ ቁም ሳጥን ከሸራ የተሠራ ነበር። ዘንድሮ ቲያትሩ ድምፅ አልባ ፊልም ሆኖ ሲነሳ፣ ዳይሬክተሩ ሚስተር ሃርግሪቭ “ሸራ መሆኑ በካሜራ ያስታውቃል” ብለው ከባድ የእንጨት ቁም ሳጥን አስመጡ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ካሜራው እየሠራ ሳለ ቁም ሳጥኑ ወደቀ። ከትበርት አንገቱና እጆቹ ወጥተው ደረቱ ከሥር ቀረ። እኔም እንደ ልማዴ ተቀመጥሁበት። “ኒዲ፣ ተነሽልኝ” አለኝ። ኒዲ የቤት ስሜ ነው። በሥራ ላይ ጓደኛን በገዛ ስሙ ጠርቶ ማደናገር የእኛ የተዋንያን ክፉ ቀልድ ነው፤ ከትበርት ደግሞ በዚህ የሚስተካከለው አልነበረም። “አንተ ተንኮለኛ፣ ዛሬስ አታስተኝም!” ብዬ ጭራሽ ባሰብኝ፤ ከት ብዬ ሳቅሁ።

ሁለተኛ ሲጠራኝ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። አዎ፣ ገብቶኛል። ሚስተር ሃርግሪቭ “ግሩም ነው! ሳቂ፣ ሳቂ!” ይሉ ነበር። ፊልሙን አበላሸች እንዳልባል ፈርቼ “በቃ” እስኪሉ ድረስ አልተነሳሁም። ትናንት “የቲያትሩን ቃል ብቻ ነው ያለው” ያልኩት ሐሰት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ሚስቱ አይሪስ “ኒዲዬ፣ በሞቴ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለ?” ብላ ጠየቀችኝ። “ያንቺን ስም ጠራ” አልኳት። አቅፋኝ አመሰገነችኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ሳጅን ይህን ለአይሪስ እንዳይነግሩብኝ ለመንኳቸው። “ወይዘሪት፣ ቃሉ ችሎት ፊት ይነበባል” አሉኝ። እንግዲያው ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው እነግራታለሁ። ሩቅ መሄድ አያሻኝም፤ “አሞሻል፣ ብቻሽን አትሄጂም” ብላ እጄን ይዛ እዚህ ድረስ ያመጣችኝ እሷ ናት። ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የቀነስሁት የለም፤ እውነት ስለ መሆኑ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ኢ. ማርስደን
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ታሎክ