የእናቴ ጭኮና የእኔ ቆሽት

እናቴ ለሆድ ሕመም ሁሉ አንድ መድኃኒት አላት፦ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ። «ጨጓራህ ነው» ብላ አጎረሰችኝ፤ ሕመሙ ግን ጀርባዬ ድረስ ዘለቀ። ከበቆጂ አሰላ እስክንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ጎንበስ እንዳልኩ ነበርኩ፤ ቀና ካልኩ ይብስብኛል። የገብሱ ማሳ ከጉሙ ጋር አብሮኝ ይንሳፈፋል።

ሆስፒታል የመረመረኝ ሐኪም «ከሐሞትህ የወረደ ጠጠር የቆሽትህን መውጫ ዘግቶት ቆሽትህ ተቆጥቷል። ብትዘገይ ለሕይወትህም ያሰጋ ነበር። ለጊዜው ውሃም በአፍህ አይዙር» አለኝ።

እናቴ ለመንገድ የያዘችውን የጭኮ ዕቃ አቀፈች። «ዶክተር፣ እኔ ነኝ ያሳመምኩት?»

«ጠጠሩ ቀድሞም ነበረ፣ እማማ። ቅቤው ግን አባሰው።»

ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል የበቆጂ ዝናብ እየመሰለኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱ ውሃ ተፈቀደልኝ። ተጎንጭቼ ኩባያውን ለእናቴ ብመልስላት፣ የቀረውን ባንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ለካ በእሷም አፍ አልዞረም ነበር።