ዳገቱ ላይ የተጸለየልኝ

ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጬ ስውል ሆዴ ከእኔ ቀድሞ በር መግባት ጀመረ። ሩጥ ተባልኩ፤ ሮጥኩ። በሳምንቱ ጉልበቴ አልታጠፍ ሲለኝ ደግሞ ጓደኛዬ "ከሩጫ በኋላ ዮጋ ሥራ" ብሎ ቪዲዮ ላከልኝ። ታዲያ አንድ ማለዳ ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ዳገቱን እንደምንም ወጣሁና ሳሩ ላይ ተንበረከክሁ። ቪዲዮው እንዳሳየኝ ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ እጆቼን ወደፊት ዘርግቼ አንድ ደቂቃ ልቆይ ነው። ገና ሃያ ሳልቆጥር ሸካራ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። "ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ አስበው!" የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። በአንድ ዓይኔ አጮልቄ ሳይ ጎደሬ ተሸክመው ገበያ የሚወርዱ እናት ናቸው፤ ሸክማቸውን አውርደው አጠገቤ ተንበርክከዋል። እኛ ሶዶ የሚጸልይ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። "ስፖርት ነው" ብዬ ላቋርጣቸው አፈርኩ። በአማርኛ ጀምረው ወደ ወላይትኛ ተሻገሩ፤ አንዷ ደቂቃ አሥር ሆነች፤ እግሬ ደነዘዘ። "አሜን" ሲሉ ከእሳቸው በላይ ጮህኩ፦ "አሜን!"

እንደምንም ተነሥቼ "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እየጸለይኩ አልነበረም። ዮጋ የሚባል ስፖርት ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ ጎደሬያቸውን መልሰው እየተሸከሙ። "ልጄም ጠዋት ጠዋት ትሠራዋለች።"

"ታዲያ ለምን ጸለዩልኝ?"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ዳገቱን ስትሮጥ አይቼህ ነዋ!"