የስምንተኛው ሺህ በሶ

«ጋሽ ታፈሰ፣ ይነሱ እንጂ፤ መኪናው ተጭኖ አልቋል» እላለሁ፤ እሳቸው ግን የበሶ ካርቶን ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ረገንስዶርፍ በምትባል ከተማ፣ የሚኖሩበት ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ነን። እዚህ አገር በየሕንጻው ሥር ለጦርነት ቀን የተሠራ፣ በሩ ከግንብ የወፈረ መጠለያ አለ። ሰዉ አሮጌ ፍራሹንና ብስክሌቱን ያጉርበታል። ጋሽ ታፈሰ ግን «ስምንተኛው ሺህ ደርሷል» እያሉ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሶና ውሃ ሲያከማቹበት ኖረዋል። በቀደም ደረጃ ላይ ወደቁ። ሴት ልጃቸው ከጄኔቭ ደውላ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ብቻህን አትኖርም» አለቻቸው፤ እሺ ብለው ነበር። እዚያው ጄኔቭ አጠገብ፣ ቬርኒየ እሷ ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ።

«አልሄድም» አሉኝ። ወገቤ ተቆርጧል፤ ነገ በጠዋት ደግሞ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ መጫን አለብኝ። «ጋሼ፣ ዓለም ብታልቅ እንኳ የእኔ አለቃ ደውሎ የት ነህ ማለቱ አይቀርም» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ከዚያ «ዓለም ስታልቅማ ከሰው ሁሉ ጋር ነው፤ እሱን አልፈራሁትም። እርጅና ግን እኔን ብቻ ነጥሎ መጣ። ለእሱ ምንም አላዘጋጀሁም» አሉ።  እጄን ዘረጋሁላቸው፤ አይተው አይተው ያዙት። በሩ ጋ ስንደርስ ቆም አሉና «እዚያ ስንደርስ ዕቃውን አራግፍ፤ እኔን ግን አራግፈኸኝ እንዳትሄድ። ትንሽ ቁጭ ትላለህ» አሉኝ።