አዲስ ቅዳም መግቢያ ላይ ፍሬኑ አልይዝ ስላለው ሚኒባስ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ አዝመራው በዛብህ
ዕድሜ፦ 66
ሥራ፦ ጡረታ የወጡ የአውቶ መካኒክ መምህር
አድራሻ፦ እንጅባራ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ሙሉወርቅ ትዕዛዙ

እዚህ የመጣሁት ሾፌሩ ተሻገር ይርሳው በመታሰሩ ነው። ቅዳሜ ኅዳር 17 ቀን ሲያሽከረክረው የነበረው ሚኒባስ አዲስ ቅዳም መግቢያ ላይ ወ/ሮ እታለማሁን ገጭቶ ሕይወታቸው አልፏል። ፍሬኑ ሲመረመር ሸራውም ዘይቱም ደህና ሆኖ ስለተገኘ፣ ሾፌሩ በፍጥነት ነው የነዳው ተብሏል። እኔ ከጎኑ ጋቢና ተቀምጬ ነበር።

በዚያ ቀን ለለቅሶ ወደ ዳንግላ ለመሄድ ከጠዋቱ 2፡00 ላይ እንጅባራ መናኸሪያ ደረስሁ። ሚኒባሱ ተሳፋሪ እንደጫነ አጠገቡ ባለው ጋራዥ ቆሞ ነበር። መካኒኩ ይኸነው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የሞተሩን የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ አውርዶ መጋጠሚያውን የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን ከቀየረ በኋላ መልሶ ሲገጥም አየሁት። ስምንቱን ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ አስይዞ፣ ከመሐል ወደ ዳር እያፈራረቀ፣ በሦስት ዙር ማጥበቅ ነበረበት። እሱ ግን ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ፣ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ እያንዳንዱን በአንድ ጊዜ እስኪጮህ ድረስ አጠበቀው። ማኒፎልዱ አሉሚኒየም ነው፤ እንዲህ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል፣ በሌላው ጫፍ ያለው ጓርኒሲዮንም ይከፈታል። ይህንኑ ነገርሁት።

«ቲቸር፣ እጄ ያውቀዋል» አለኝ።

«እጅህ ቁጥር አያነብም» አልሁት።

ገበያው እንዳያመልጣት የቸኮለች አንዲት ተሳፋሪ «ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተውም ማረም አልተዉም?» ስትል ሁሉም ሳቁ፤ ይኸነውም ሳቀ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ደህና ነበር። እኔም ገባሁ።

3፡10 ገደማ ወደ አዲስ ቅዳም የሚያስገባውን ቁልቁለት ስንጀምር ሞተሩ ካለበት፣ ከተቀመጥሁበት ወንበር ሥር፣ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። አየር እየሳበ መሆኑን ስላወቅሁ ተሻገርን ዳር ይዞ እንዲያቆም ነገርሁት። ወዲያው እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፤ ሞተሩም ጠፋ። የፍጥነት መለኪያው 40 ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ረገጠ፣ ሦስተኛውን በሁለት እግሩ ቆመበት። «አልወርድ አለኝ ጋሼ» አለ። በዚህ ሞተር ፍሬኑን ለእግር የሚያቀለው ኃይል የሚመጣው ከማኒፎልዱ ነው። እዚያ ትርፍ አየር ከገባ ሸራው አዲስ ቢሆን እንኳ ፔዳሉ ይደርቃል። ወ/ሮ እታለማሁ የከሰል ጆንያቸውን ተደግፈው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ከአደጋው በኋላ ወንበሩን አንስቼ ስመለከት የማኒፎልዱ ጠርዝ ተሰንጥቆ፣ ጓርኒሲዮኑም ወደ ውጭ ተገፍቶ አገኘሁ። መኪናው በግቢያችሁ ስለቆመ አሁንም ማየት ይቻላል።

መርማሪዋ ይኸነው ትክክለኛውን አሠራር ያውቅ እንደሆነ ጠይቀውኛል። በተግባር ፈተናው 92 የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፈተናው ግን በቃል ነበር። በማሠልጠኛችን ቡሎን የሚጠብቅበትን ኃይል በቁጥር የሚያሳይ አንድ ቶርክ ሬንች ነበር። በስሜ ስለተመዘገበና ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ስለሆንሁ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቆልፌ አስቀመጥሁት። ተማሪዎቹ ሥዕሉን ከሰሌዳ ገለበጡ። ጡረታ ስወጣ ከነላስቲኩ አስረከብሁ፤ ለንብረት አያያዜም የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ። ይኸነው ያንን መሣሪያ አንድም ቀን በእጁ አልያዘም። መርማሪዋ ይህ ከአደጋው ጋር ስለማይገናኝ አይጻፍ ብለውኝ ነበር። ካልተጻፈ እንደማልፈርም ስለነገርኋቸው ተጽፏል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ተሻገር በልኩ ነው የነዳው። የቀረው እኔ ያየሁትና እኔ ያደረግሁት ነው፤ ፍርድ ቤት ብጠራም አልለውጠውም።

የምስክር ፊርማ ____________
የቃል ተቀባይ ፊርማ ____________